የጦርነት ወሬ ጸሐፊዎችና የእኛ ሪፖርት

(በገበዝ ማርያም ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የሪፖርት አጻጻፍ ነው። ርእሱ ሲነገር ከመካከላችን ያዛጉ እንዳሉ አይተናል፤ አንፈርድባቸውም። ሪፖርት ሲባል ቅጽ መሙላት፣ ችግኝ መቁጠር፣ የተቆፈረውን ቦይ በሜትር መለካት ነው የሚመስለን። ዛሬ ግን ስለ ቅጹ አንናገርም። ስለ ሌላ ሰው መከራ የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ኃላፊነት እንደሚሸከም ነው የምንነጋገረው። ይህን ለማየት ወደ ኋላ ሄደን በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩትን የጦርነት ወሬ ጸሐፊዎች እንጠይቃቸዋለን። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በአገራችን ምድር የረገጡ ናቸው። የአውሮፓውን ነገር በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እንናገራለን።

አስቀድመን ግን ከአንዲት እናት ደጅ እንነሣ፤ ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ ያስገደደን የእርሳቸው ነገር ስለ ሆነ ነው።

እኒህ እናት ባላቸው የሞተባቸው፣ አንዲት ሴት ልጅ የሚያሳድጉ ገበሬ ናቸው። በክረምት እህል ሲያጥራቸው ከጎረቤት ይበደራሉ፤ መኸር ሲገባ ሰፍረው ይመልሳሉ። እኛ ግን ለደጋፊዎች በምንልከው ጽሑፍ ላይ «ከጎረቤት በሚለምኑት የዕለት ጉርስ የሚኖሩ» ብለን ጻፍን። ግድግዳቸውን በእበት ሲለቀልቁ ያነሣናቸውን ፎቶግራፍም ከጽሑፉ ጋር አወጣነው። ጽሑፉ ብዙ ልብ ነካ፤ ለቤታቸው ክዳን የሚሆን ቆርቆሮ መግዣም መጣ። ቆርቆሮውን ይዘን ደስ ብሎን ሄድን። እናታችን መቀመጫ ደጅ ላይ አወጡልን እንጂ ወደ ቤት ግቡ አላሉንም፤ ቡናም አልተቆላም። ከዚያ በኋላ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እኔ ተበድሬ እከፍላለሁ እንጂ ለምኜ አላውቅም። ለልጄ ሽማግሌ በመጣበት ሰሞን ለማኝ ናት ብላችሁ አስነበባችሁብኝ። ቆርቆሯችሁን ውሰዱ።»

ለካስ ጽሑፉን አንድ ዘመድ ከከተማ ይዞት መጥቶ በሰው ፊት አንብቦታል። እኛ የጻፍነው ለሩቅ ሰው ነበር፤ ያነበበው ግን የቅርብ ሰው ሆነ። ይህን በልባችሁ ያዙ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ በአንድ ወገን ሆነው ከሩሲያ ጋር የተዋጉበት የክሪሚያ ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1856 የቆየ ነው። ከዚያ በፊት ጋዜጦች የጦር ሜዳ ወሬ የሚያገኙት ባብዛኛው ከመኮንኖች ደብዳቤና ከመንግሥት መግለጫ ነበር። መኮንኑም ስለ ራሱ ጦር ስለሚጽፍ ድሉን አስረዝሞ ጥፋቱን ያሳጥረዋል። በክሪሚያ ግን ዘ ታይምስ የተባለው የለንደን ጋዜጣ ዊልያም ሃዋርድ ረስል የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ላከ። ይህ ሰው ወታደር አልነበረም፤ ደመወዙን የሚከፍለው ጋዜጣው ነው። ጦሩ መሐል ሆኖ ያየውን ጻፈ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1854 በባላክላቫ ከ600 የሚበልጡ የእንግሊዝ ፈረሰኞች በተሳሳተ ትእዛዝ ወደ መድፍ አፍ ሲጋልቡ አይቶ ለአገሩ ሕዝብ ነገረ። ወታደሩ በክረምት ብርድ ያለ በቂ ልብስ እንደሚሞት፣ የቁስል መጠቅለያ እንኳ እንደ ጠፋ ጻፈ። ባልደረባው ቶማስ ቼነሪም ከቁስጥንጥንያ ሆኖ በስኩታሪ ሆስፒታል ቁስለኞች ስላሉበት ሁኔታ ጻፈ።

አንባቢው ተቆጣ፤ ገንዘብም አዋጣ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተባለችው ሴት 38 ሴቶች አስከትላ በኅዳር ወር መጀመሪያ ስኩታሪ ደረሰች። በጥር 1855 መጨረሻም የሎርድ አበርዲን መንግሥት ወደቀ። አንድ ብዕር ይህን ያህል ሥራ ሠራ።

ነገር ግን ወገኖች፣ ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ብዙ ጊዜ ሲተረክ የሚቀረውን ክፍል የልማት ሠራተኛ ሁሉ ሊሰማው ይገባል። ነርሶቹ ከደረሱ በኋላ በስኩታሪ የሚሞተው ሰው ቁጥር አልቀነሰም፤ እንዲያውም በዚያ ክረምት ጨመረ። በየካቲት 1855 ሆስፒታል ከገባው ከመቶው አርባ የሚያህለው ይሞት ነበር። ሕንጻው የቆመው በተደፈነ የቆሻሻ ቦይ ላይ ነበርና ነው። በመጋቢት የንጽሕና ጉዳይ አጣሪዎች ከእንግሊዝ አገር መጥተው ቦዩን አስጠረጉ፣ ውኃውን አስተካከሉ፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አስከፈቱ። በበጋ ሞቱ ከመቶው ወደ ሁለት ወረደ። ናይቲንጌልም ይህን ተምራ ወደ አገሯ ስትመለስ የሟቾችን ቁጥር በወር በወር ከፍላ፣ በቁስል የሞተውንና በበሽታ የሞተውን ለይታ በሥዕላዊ መግለጫ አሳተመች።

እንግዲህ ዜና ልብን ያስነሣል፤ ቦይ ግን አይጠርግም። እኛም በሪፖርታችን ልብ አስነሥተን ገንዘብ ካገኘን በኋላ ምንጩ ሳይጎለብት፣ መጸዳጃ ጉድጓዱ ሳይቆፈር ቢቀር የረስልን ሥራ ሠርተን የአጣሪዎቹን ትተናል ማለት ነው።

የረስል ብዕር ሌላም ጥያቄ አስነሣ። የጦሩ አዛዥ ሎርድ ራግላን፣ ጋዜጣው የጦሩን ሰፈርና የመሣሪያውን ሁኔታ ስለሚገልጥ ጠላት ይጠቀምበታል ሲል ከሰሰ። ክሱ ለራሱ ጥፋት መሸፈኛም ነበረ፤ ነገር ግን ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። በጦርነቱ መጨረሻ በየካቲት 1856 አዲሱ አዛዥ ጄኔራል ኮድሪንግተን ለጠላት የሚጠቅም ነገር የጻፈ ጋዜጠኛ ከጦር ሜዳ እንዲባረር አዘዘ። የጦርነት ሳንሱር ታሪክ ሲነገር ይህ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ይቆጠራል። እውነት መናገር ያድናል፤ ይሁን እንጂ እውነት ሁሉ በማናቸውም ጊዜና ቦታ ቢነገር ሰው የማይጎዳ አይደለም።

ሁለተኛው ምስክራችን ጋዜጠኛ አይደለም። ሄንሪ ዱናንት የጄኔቫ ሰው፣ ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1859 በሰሜን ኢጣልያ በሶልፌሪኖ ፈረንሳይና ሰርዲንያ ከኦስትሪያ ጋር ተዋጉ። ዱናንት ወደዚያ የሄደው በአልጄርያ ስላለው ንግዱ ከፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ጋር ለመነጋገር ነበር። በአንድ ቀን ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞቶና ቆስሎ ሲያይ ግን ጉዳዩን ትቶ በካስቲልዮኔ ከተማ ካሉ ሴቶች ጋር ውኃ ሲያጠጣና ቁስል ሲያስር ሰነበተ። የወዳጅ ቁስለኛ፣ የጠላት ቁስለኛ ብለው አልለዩም።

ዱናንት ብዕር ያነሣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 በራሱ ገንዘብ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ያየውን ከተረከ በኋላ ሰው ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አቀረበ፤ ጦርነት ሳይመጣ በሰላም ጊዜ የቁስለኛ ረዳቶች ማኅበር ለምን አይቋቋምም? አለ። ከዚያ ጥያቄ በ1863 የቀይ መስቀል ኮሚቴ፣ በነሐሴ 1864 ደግሞ የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት ተወለዱ። በአገራችንም የኢጣልያ ወረራ ሲቃረብ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ተቋቋመ።

የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ትዝ ይበለን። ካህኑም ሌዋዊውም የወደቀውን ሰው አይተውታል። በማየት ከሆነ ሦስቱም እኩል ናቸው፤ ልዩነቱ ማን ቆመ የሚለው ነው። ዱናንት መጀመሪያ ቆመ፣ ቁስል አሰረ፣ ከዚያ ጻፈ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ይህ የጋዜጣ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ነው፤ የገባውም በጦር ታጅቦ ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን በወረቀት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶርያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ሳይመለስ ተቀመጠ። ንጉሡም እንደ ተናቁ ቆጠሩት።

በዚያው ሰሞን ሌላ ወረቀት ነገሩን አባባሰው። ሄንሪ ስተርን የሚባል፣ ለቤተ እስራኤላውያን ሊሰብክ የመጣ ሚስዮናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉም የንጉሡ እናት በድህነታቸው ጊዜ ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለውን ወሬ ጻፈ። ለለንደን አንባቢ ይህ የጉዞ ማጣፈጫ ነበር። በንጉሡ ሰፈር ግን የዙፋን ስድብ ነው። ስተርን በ1856 ዓ.ም. መጀመሪያ ከንጉሡ ጋር ተጋጭቶ ተደበደበ፤ ከእርሱ ጋር የነበሩ ሁለት አገልጋዮችም በድብደባው ሞቱ። ኋላም መጽሐፉና ማስታወሻዎቹ ተበርብረው፣ ተተርጉመው በአደባባይ ክስ ሆኑበት። በዚያው ዓመት ቆንስሉ ካሜሮንም ታሰረ።

ወገኖች፣ ስተርን የእኛ ዓይነት ሰው ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የመጣ፣ ለደጋፊዎቹ የሚጽፍ። ቅጣቱ ከልክ ያለፈ ጭካኔ ነበር፤ ያንን አናስተባብልም። ነገር ግን እርሱ ስለ አንዲት እናት ድህነት ለሩቅ ሰው ጻፈ፤ ጽሑፉ ወደ ልጇ ደጅ ተመለሰ። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ውቅያኖስ ሲሻገር አይቀርም። ኮሶ መሸጥም ሆነ ከጎረቤት እህል መበደር ነውር አይደለም፤ ነውሩ የሰውን ኑሮ ለማያውቀው አንባቢ መደነቂያ ማድረጉ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በደጃችን ያለፈ ነው። የንግሥቲቱን መልስ ይዞ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም የሞሱል ተወላጅ ነበር፤ ዶክተር ብላንክና ሌፍተናንት ፕሪዶ አብረውት ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስን መጀመሪያ ያገኙዋቸው በጥር 1858 ዓ.ም. በዚሁ በዳሞት ሠፍረው ሳለ ነው። በክብር ተቀበሏቸው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን መልእክተኞቹም ታሰሩ። የዘገየው ደብዳቤ ጥፋቱን ሊያክመው አልቻለም። ስለዚህ የሪፖርት ቀን ያሳለፋችሁ ባልደረቦች፣ የዘገየ መልስም እንደ ሐሰት ቃል ጠብ እንደሚያመጣ ከዚህ ተማሩ።

የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት ከሕንድ ተነሥቶ ከጥቅምት 1860 ዓ.ም. ጀምሮ በዙላ ወደብ ወረደ። ወደ 13 ሺህ የሚሆን ወታደርና 44 ዝሆኖች ነበሩት፤ ወጪውም ከስምንት ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ። ከጦሩ ጋር የጋዜጣ ሰዎች መጡ። ሄንቲ የሚባለው ስታንዳርድ ለተባለው የለንደን ጋዜጣ ይጽፍ ነበር፤ በወጣትነቱ በክሪሚያ በሆስፒታል ስንቅ ክፍል የሠራ ሰው ነው። በዙላ የጭነት በቅሎዎች በውኃ ጥማትና በአመራር ጉድለት ሲያልቁ አይቶ ሳይሸፍን ጻፈ። በክሪሚያ ሥዕሎቹ የታወቀው ዊልያም ሲምፕሰንም ሥዕል ለሚያወጣ ጋዜጣ ሊስል መጣ። ሄንሪ ስታንሊ ደግሞ ከአሜሪካ ለኒውዮርክ ሄራልድ ተላከ።

ስታንሊ ብልጥ ነበር። ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት በስዊዝ ለቴሌግራፍ ቤቱ ሹም ገንዘብ ሰጥቶ፣ የእርሱ ወሬ ከሁሉ በፊት እንዲተላለፍ ተስማማ። መቅደላ ስትወድቅ የእርሱ ቴሌግራም ቀድሞ አለፈ፤ ወዲያው የባሕሩ ሽቦ ተበላሸ። ስለዚህ የእንግሊዝ ሕዝብ የራሱን ጦር ድል የሰማው ከመንግሥቱ ሳይሆን ከአሜሪካ ጋዜጣ ነው። ስታንሊም በዚህ ስሙ ገነነ።

የተላከው ወሬ ምን ነበር? በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ። ከኢትዮጵያውያን ወገን ሰባት መቶ የሚያህሉ ሞቱ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6፣ መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። የታሰሩት አውሮፓውያን ተፈቱ። ከተማይቱ ተበዘበዘች፤ ብዙ የብራና መጻሕፍት፣ ጽዋዎችና መስቀሎች ተወሰዱ። ዘረፋው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ለሐራጅ ቀረበ። ልጅ ዓለማየሁ በሰባት ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ አገር ተወስደው በ1872 ዓ.ም. በዚያው በወጣትነት አረፉ።

እነዚያ ጋዜጠኞች ዋሹ አንልም። የዘረፋውንም ነገር የጻፉ አሉ። እኛን የሚያስጨንቀን ሌላ ነው፤ በጽሑፋቸው ስም ያለው ማን ነው? የታሰረ አውሮፓዊ ሁሉ በስሙ፣ በሙያው፣ በሚስቱና በልጆቹ ይታወቃል። ነገር ግን መቅደላ ላይ የታሰሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ፤ ከውጊያው ዋዜማ ንጉሡ ብዙዎቹን አስገድለው ወደ ገደል አስወረወሩ። የእነርሱ ስም የት አለ? በአሮጌ የወደቁት ሰባት መቶዎችስ? በዚያ ዘመን በአገራችን የራሳችን ጋዜጣ አልነበረንም። ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉት ዜና መዋዕል፣ አዝማሪውና አልቃሿ የያዙት ግጥም ባይኖር ኖሮ የእኛን ወገን የሚናገር ድምፅ ባልተገኘ ነበር። የሌላው ጸሐፊ ሲቆጥረን ቁጥር ሆንን፤ የራሳችን ሰው ሲያለቅስልን ስም አገኘን።

ይህ ጉዳይ ከመቅደላ ጋር አልተቀበረም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ ለዓለም አሳየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ማይክል በርክና የኬንያው ተወላጅ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ፊልም በቢቢሲ ታየ፤ ከብዙ አገር እርዳታ ፈሰሰ። ብዙ ነፍስ ስለ ተረፈ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት በውጭ አገር ኢትዮጵያ ሲባል የሚታሰበው ያ ሥዕል ብቻ ሆኖ ቀረ። በሥዕሉ ላይ ያለችው እናት ስሟ ማን ነው? ከየት መንደር መጣች? ከረኃቡ በፊት ምን ታርስ ነበር? ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

የራሳችን አካባቢም ሌላ ዓይነት ወረቀት አይቷል። ጆርጅ ስቲር የተባለው ጋዜጠኛ በወረራው ጊዜ ለዘ ታይምስ ከአዲስ አበባ ይጽፍ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሆኖ፣ ለጠላት ወታደሮች በአማርኛ የተጻፈ በራሪ ወረቀት እያዘጋጀ በድምፅ ማጉያም እያስጠራ እንዲከዱ ይቀሰቅስ ነበር። በዚያ ዘመቻ ጊዜ ነው ጠላት በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቆ ወደ ደንበጫ የሸሸው። ለነጻነት የተደረገ በመሆኑ አንነቅፈውም። ብቻ አንድ ብዕር ዛሬ ምስክር፣ ነገ ጦር ሊሆን እንደሚችል እንወቅ። የእርዳታ ሠራተኛ ብዕር ግን ጦር መሆን የለበትም። አንዴ ጦር ከሆነ ቁስለኛው ሁሉ ይሸሸናል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት የጦርነት ወሬ ምን እንደሚያደርግ በመጽሐፍ ሳይሆን በጆሯችን ተምረናል። የረስል ደብዳቤ ለንደን ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር፤ ዛሬ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ በደቂቃ ወሬ ነጋሪ ሆኗል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላሉ አባቶቻችን። ወንጌላዊው ሉቃስ እንኳ ከዓይን ምስክሮች የተቀበለውን በጥንቃቄ መርምሮ፣ በቅደም ተከተል ነው የጻፈው። እኛ ከገበያ የሰማነውን ሳንመረምር የምናስተላልፈው በየትኛው ሥልጣን ነው?

ስለዚህ ባልደረቦች፣ በየጣቢያችሁ እንድትወያዩባቸው አምስት ነገሮች እናቀርባለን።

1ኛ. ያየነውንና የሰማነውን እንለይ። ያየነውን አየን፣ የሰማነውን ከማን እንደ ሰማን እንጻፍ። ቁጥር ስንጽፍ ማን ቆጠረው የሚለውን እንጨምር።

2ኛ. ጽሑፉን ከመላካችን በፊት ለባለቤቱ እናንብብለት። ፊቱ ላይ ለማንበብ የምናፍርበትን ዐረፍተ ነገር ለሩቅ ሰው አንጻፍ። ፎቶግራፍም ስናነሣ እናስፈቅድ፤ ሰው ልብሱን ልቀይር ካለ እንጠብቀው።

3ኛ. ሰውን ከችግሩ ጋር ብቻ አናሳየው። የሚያርሰውን፣ የሚያውቀውን፣ ለጎረቤቱ የሚያደርገውን እንጻፍ። እኒያ እናት ተበዳሪ ብቻ ሳይሆኑ ብድራቸውን የሚከፍሉ የታመኑ ሰው ነበሩ፤ የጽሑፉ ዋና ነገር እርሱ መሆን ነበረበት።

4ኛ. የሚጎዳ እውነት ጊዜና ቦታ አለው። የተፈናቀሉ ሰዎች ያረፉበትን ቤት፣ እህል የተከማቸበትን ጎተራ፣ የሚተላለፉበትን መንገድ በጽሑፍ አናውጣ። ራግላን የተናገረው ይህ ክፍል እውነት ነበረ። ይሁን እንጂ በዚህ አሳብበን የራሳችንን ጥፋት አንሸፍን።

5ኛ. ከጻፍን በኋላ ቦዩን እንጥረግ። የስኩታሪን ክረምት አንርሳ።

አሁን ወደ እናታችን ደጅ እንመለስ። ከእርሳቸው ከተመለስን በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ማንም ስለ ነገሩ ሊያወራ አልወደደም። ጽሑፉን የጻፍነው፣ ያነበብነው፣ ያጸደቅነውም እኛው ነንና አንዱ በሌላው ማሳበብ አልቻልንም። በመጨረሻ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። በሚቀጥለው እትምም ሐሰት መጻፋችንን፣ እኒህ እናት ለማኝ አለመሆናቸውን በግልጥ አወጣን፤ ከመላኩ በፊትም ለእርሳቸው አነበብንላቸው። ሁለት ቦታ አስቆመው አረሙን። አንዱ እርማት «ችግረኛ» ያልነውን «ገበሬ» እንድንለው ነው።

ይቅርታውን ተቀበሉ። ቡናም አፈሉልን። ቆርቆሮውን ግን አልተቀበሉም፤ ለሌላ ቤት ዋለ። የልጃቸው የጋብቻ ነገር እንደ ተቋረጠ ቀረ፤ የመጡት ሽማግሌዎች አልተመለሱም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ እርማታችን ጽሑፋችን የደረሰበት ቦታ ሁሉ አልደረሰም። ልጂቱ አሁን በመንገድ ስታገኘን ሰላምታ ትሰጠናለች፤ ቆማ ግን አታነጋግረንም። ይህን የምንነግራችሁ ለማሳዘን አይደለም። ከእናንተ አንዱ ነገ ብዕር ሲያነሣ ያቺ ልጅ በፊቱ እንድትቆም ነው።

የአንዲቱ ከተማችን ስም ፍኖተ ሰላም ነው፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። የሰላም መንገድ ከሚሠራባቸው ድንጋዮች አንዱ ስለ ባልንጀራችን የምንናገረው እውነተኛ ቃል ነው። ጌታ እጃችንንም ምላሳችንንም ይጠብቅልን። እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ።